ሳይነካ የሚያረጅ ነገር

ከአራት ዓመት በፊት ለራሴ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ሥራዋ ቀላል ነው። የወጪ ፋይሎቼን ትሰበስባለች፣ በየወሩ ትለያቸዋለች፣ የውጭ ምንዛሬውን ከአንድ ድረ ገጽ ታመጣለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ታወጣልኛለች። አንድ ዓመት ያህል በደንብ ካገለገለችኝ በኋላ ተውኳት። ሰሞኑን ፈለግኳትና ከፈትኳት። እምቢ አለች። ስክሪኑን በቀይ ጽሑፍ ሞላችው።

አንድ ፊደል አልነካሁባትም። ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረበት ቀን ያው የድሮው ቀን ነው። ታዲያ ምን ነካት?

ቁጭ ብዬ ሳጣራ ሦስት ነገር ተቀይሯል። የተጻፈችበት የፕሮግራም ቋንቋ አዲስ ቨርዥን ወጥቶለት ኮምፒውተሬ ላይ ተጭኗል። ፕሮግራሟ የምትጠቀምበት ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ ማለት ነው) አንድ የድሮ ትእዛዝ አስወግዷል። የምንዛሬው ድረ ገጽ ደግሞ ቀን የሚጽፍበትን ቅደም ተከተል ለውጧል፤ ድሮ ቀኑ ይቀድም ነበር፣ አሁን ወሩ ቀድሟል። ፕሮግራሟ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ጥሏት የሄደው አካባቢዋ ነው።

ሶፍትዌርን ከሌላ ዕቃ የሚለየው ይህ ነው። የመኪና ፍሬን በመፋተግ ያልቃል። ብረት ይዝጋል፣ እንጨት ይነቅዛል። ሶፍትዌር ግን የሚያልቅ አካል የለውም። ሚሊዮን ጊዜ ቢሠራ አይሳሳም። ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ሺህኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም። በዚህ ስሌት ከሆነ አንዴ በትክክል የተጻፈ ፕሮግራም ለዘላለም መሥራት ነበረበት። አይሠራም። እንዲያውም ካልተነካ ፈጥኖ የሚያረጅ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ለዚህ እስካሁን ከአሪያን 5 የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ሰኔ 4 ቀን 1996 የአውሮፓ አዲስ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረንሳይ ጉያና ተወነጨፈ። አራት የምርምር ሳተላይቶች ጭኗል። 40 ሰከንድ ገደማ እንደሆነው አቅጣጫውን ሳተና ሰማይ ላይ ራሱን አፈነዳ።

ጥፋቱ የሶፍትዌር ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ግን ሶፍትዌሩ አዲስ አልነበረም። የሮኬቱን አቅጣጫና ፍጥነት የሚከታተለው ክፍል ከቀዳሚው ሮኬት ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ነው። አሪያን 4 ላይ ለዓመታት የበረረ፣ የተመሰከረለት ኮድ ነበር። ውስጡ ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘን አንድ ትልቅ ቁጥር ወደ አነስተኛ ቦታ የሚያሸጋግር መስመር አለ። የቦታው ጣሪያ 32,767 ነው። በአሪያን 4 ፍጥነት ቁጥሩ ወደዚያ ጣሪያ አይደርስም። አሪያን 5 ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ገና ከመነሻው በአግድም ይፈጥናል። ቁጥሩ ጣሪያውን አለፈ፣ ኮምፒውተሩ ተንገዳገደና ቆመ። መጠባበቂያው ኮምፒውተርስ? እሱም ያንኑ ሶፍትዌር ስለጫነ በዚያው ምክንያት ቆሟል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር አለ። ያ ስሌት ከተወነጨፈ በኋላ ለአሪያን 5 ምንም ጥቅም አልነበረውም። አሪያን 4 ላይ ቆጠራው በመጨረሻ ሰዓት ቢቋረጥ ቶሎ ለመቀጠል እንዲያግዝ ተብሎ የተተወ ነው። ምክንያቱ ቀረ፣ ኮዱ ግን ተከተለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ኮድንም ከነሱ ጋር ቁጠሩት።

እንግዲህ ኮዱ ትክክል ነበር ወይስ ስህተት? አሪያን 4 ላይ ትክክል ነበር። አሪያን 5 ላይ ስህተት ሆነ። ፊደሉ ግን ያው ነው። የሶፍትዌር ትክክለኛነት ኮዱ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ግማሹ ውጭ፣ ኮዱ እውነት ነው ብሎ የተቀበለው ዓለም ውስጥ ነው። ያ ዓለም ደግሞ ማንንም አያስፈቅድም።

ይህን ቀድመው ያዩ ሰዎች አሉ። ሜየር ሌማን እና ላዝሎ ቤላዲ በ1970ዎቹ የአይቢኤምን ትልቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኦኤስ 360ን፣ ከቨርዥን ወደ ቨርዥን እየተከታተሉ አጠኑ። ሌማን በኋላ ፕሮግራሞችን ለያየ። አንዳንዱ ጥያቄው ተቆርጦ የተሰጠው ነው። የቁጥር ካሬ ሥር የሚያወጣ ፕሮግራም ዛሬ ትክክል ከሆነ የዛሬ መቶ ዓመትም ትክክል ነው። ሌላው ዓይነት ሰዎች መሀል ገብቶ የሚሠራው ነው፤ የባንክ፣ የሆስፒታል፣ የአየር መንገድ ሲስተም። ይሄኛው በየጊዜው ካልተስተካከለ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። በየጊዜው ሲስተካከል ደግሞ እየተወሳሰበ ይሄዳል፤ ውስብስቡን ለማቅለል ሆን ተብሎ ካልተሠራ በቀር። ሌማን ይህን ሕግ ብሎ ነው የጠራው። ሕግ የሚለው ስም ቢበዛበትም ባይበዛበትም፣ አንድ ሲስተም ላይ አምስት ዓመት የሠራ ሰው አይከራከረውም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያጠላልፈው ሶፍትዌሩ ራሱ ዓለሙን መቀየሩ ነው። መንገድ የሚያሳየው አፕ መጨናነቅ አይቶ ሁላችንንም ወደ አንድ አቋራጭ ይልከናል። አቋራጩ ይጨናነቃል። አሁን አፑ ራሱ የፈጠረውን መጨናነቅ ማስላት አለበት። ሰው አዲስ ነገር ሲያገኝ ልማዱን ይቀይራል፣ የተቀየረው ልማድ አዲስ ጥያቄ ይወልዳል። ስለዚህ «ሶፍትዌሩ መቼ ነው የሚያልቀው?» የሚለው የአለቆች ጥያቄ መልስ የለውም። የሚያልቀው ሰው መጠቀም ሲያቆም ነው።

ሊኑክስ የተባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት በ1991 ብቅ ሲል 10,000 መስመር ገደማ ኮድ ነበር። ዛሬ ከ40 ሚሊዮን በላይ ነው። ስብ አይደለም። አብዛኛው በየጊዜው ለሚወጣው ለእያንዳንዱ አዲስ መሣሪያ የተጻፈ ነው፤ ለዚህ ቺፕ፣ ለዚያ የኔትወርክ ካርድ። ዓለሙ በሰፋ ቁጥር ሶፍትዌሩ አብሮ መስፋት ነበረበት።

መስፋቱን ተቀበልን እንበል። የማይነገርለት መቀነሱ ነው። ኮድ መጨመር የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ማጥፋት ግን ፈሪ ያደርጋል። «ይቺ ምን ትሠራለች?» ትላለህ፣ የሚያውቅ የለም። «ትቀመጥ እንግዲህ» ይባላል። እንዲህ ተብሎ የተቀመጠ ኮድ ምን እንደሚያደርግ ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ በ2012 አይቷል። ከ2003 ጀምሮ ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ ኮድ ሰርቨሮቹ ላይ ተኝቶ ነበር። አዲሱን ፕሮግራም ሲጽፉ ያንን አሮጌ ኮድ ይቀሰቅስ የነበረውን ማብሪያ ማጥፊያ ለሌላ ሥራ አዋሉት። አዲሱን ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረባቸው። ሰባቱ ላይ ተጫነ። አንዱ ተረሳ።

ነሐሴ 1 ጠዋት ገበያው ሲከፈት ማብሪያው በራ። ሰባቱ አዲሱን ሥራ ጀመሩ። ስምንተኛው ላይ ለዓመታት የተኛው ነቃና ያለማቋረጥ አክሲዮን ይገዛና ይሸጥ ጀመር። ሰዎቹ ደነገጡ፤ ችግሩ ከአዲሱ ኮድ ነው ብለው ከሰባቱ ላይ አነሱት። ከድጡ ወደ ማጡ። አሁን ስምንቱም በአሮጌው ኮድ መሥራት ጀመሩ። 45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። ድርጅቱ ራሱን ችሎ መቆም አቅቶት በቀጣዩ ዓመት ከሌላ ኩባንያ ጋር ተቀላቀለ።

ታሪኩ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሰርቨር በረሳው ሠራተኛ ላይ ነው። ለእኔ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ያ ኮድ እዚያ መኖሩን፣ ሲነቃ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ሰው የት ሄዶ ነበር?

የዴንማርኩ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ፒተር ናውር በ1985 ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ሐሳብ አቅርቧል። በእሱ አባባል ፕሮግራም ማለት ኮዱ አይደለም። ፕሮግራም ማለት የሠሩት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ያለው መረዳት ነው፤ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ያኛው መንገድ ለምን ተተወ፣ ነገ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ የት ጋ ይገጥማል። ኮዱና ሰነዱ የዚያ መረዳት ጥላ ናቸው። መረዳቱ ያላቸው ሰዎች ሲበተኑ ፕሮግራሙ ይሞታል፤ ኮምፒውተሩ ላይ መሥራቱን ቢቀጥልም።

መጀመሪያ ሳነበው የተጋነነ መስሎኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። አንድ ቦታ ስሠራ «ሦስት ሰከንድ ጠብቅ» የምትል መስመር አገኘሁ። ምክንያት አልተጻፈባትም። ዝም ብላ ሥራ የምታዘገይ ነው የምትመስለው። አጠፋኋት፣ ሁሉም ፈጠነ፣ ተመሰገንኩ። ሁለት ሳምንት አልፎ ሪፖርቶች መጉደል ጀመሩ። ለካ በሌላ በኩል ያለው ሲስተም ፋይሉን ጽፎ እስኪጨርስ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህን የሚያውቀው ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ለቋል። ደውዬ ጠየቅኩት። «አይ ወንድሜ፣ እሷን ነካሃት?» አለኝና ሳቀ። የስድስት ወር ትምህርት በአንድ ስልክ።

ዕውቀቱ ሲጠፋ የሚመጣው ፈተና «እንደ አዲስ እንጻፈው» ነው። ፕሮግራመር የሰው ኮድ ማንበብ ይጠላል። አሮጌው ኮድ ቆሻሻ ይመስለዋል። ግን ከቆሻሻው ግማሹ እንደኔ ሦስት ሰከንድ ያለ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ጠባሳ የአንድ ችግር መልስ ነው። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ብራውዘሩን ከዜሮ ሊጽፍ ተነሳ። ቨርዥን 4 በ1997 ወጣ። 5 የሚባል ጭራሽ አልወጣም። ቨርዥን 6 ብቅ ያለው በ2000 መጨረሻ ነው። በዚያ መሀል የማይክሮሶፍት ብራውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገበያውን ወሰደው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ለእውነቱ ግን ያ ጥረት እንዲሁ አልባከነም፤ ከሱ ዘር በ2004 ፋየርፎክስ የተባለው ብራውዘር ተወልዷል። ለኔትስኬፕ ግን አልደረሰለትም።

ታዲያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሻሻሉ መሄድ ነው መፍትሔው? በመሠረቱ አዎ። እሱም ቢሆን ያለ ዋጋ አይደለም። በ2021 መጨረሻ ሎግ4ጄ የተባለው በብዙ ሲስተም ውስጥ የተቀበረ ላይብረሪ ላይ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። ቀዳዳውን የከፈተው ባሕርይ ከ2013 ጀምሮ እዚያው ነበር። ያላሻሻለ በሩ ክፍት ሆኖ አደረ። ሐምሌ 19 ቀን 2024 ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። ፕሮግራሙ 20 መረጃ ነበር የሚቀበለው፤ አዲሱ ፋይል 21ኛውን ጠየቀ። ፕሮግራሙ የሌለውን ፍለጋ ከተሰጠው ሜሞሪ ውጭ ሄደ፣ ማሽኑን ይዞት ወደቀ። ኩባንያው ስህተቱን በ78 ደቂቃ ቢያርመውም የወደቁት ኮምፒውተሮች እርማቱን መቀበል አልቻሉም። ብዙዎቹን ሰው እየሄደ በእጁ ማንሳት ነበረበት። በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ወደ ወረቀት ተመለሱ። ያላሻሻለ ተጎዳ፣ ያሻሻለም ተጎዳ።

ወደ መጪው ስናይ ቀኑ የታወቀ ችግር ሳይቀር አለ። ብዙ አሮጌ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ ቁጥሩን የሚያስቀምጡበት ቦታ ደግሞ 2,147,483,647 ላይ ይሞላል። ያ የሚሆነው ጥር 19 ቀን 2038 ነው። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ተስተካክለዋል። የሚያሰጋው ግድግዳ ውስጥና ማሽን ሆድ ውስጥ ተቀብሮ የቀረው ነው።

አንድ ደስ የሚል ታሪክ ልጨምር። የናሳ የጠፈር መንኮራኩር ቮያጀር 1 በ1977 ነው ከምድር የተነሳችው። በኅዳር 2023 ትርጉም የሌለው መረጃ መላክ ጀመረች። መሐንዲሶቹ ከብዙ ምርመራ በኋላ ምክንያቱን አገኙት፤ መረጃ ከሚያሽገው ኮምፒውተር ሜሞሪ ውስጥ አንድ ቺፕ ሞቷል። እዚያ ቺፕ ላይ የነበረውን ኮድ ሌላ ቦታ ማዛወር ፈለጉ። እንዳለ የሚችለው ሰፊ ቦታ ግን የለም። ስለዚህ ኮዱን ቆራርጠው በየክፍተቱ ሸጎጡት፣ ቁርጥራጮቹ እንዲጠራሩ አስተካከሉት፣ የሚጠቁማቸውን ሁሉ አረሙ። ከዚያ 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላኩት። መልእክቱ ለመድረስ 22 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፣ መልሱም ያንኑ ያህል። ሚያዝያ 18 ቀን 2024 ለላኩት ሚያዝያ 20 ቀን መልስ መጣለት። ቮያጀር ደህና ናት።

እዚህ ላይ ያረጀው ብረቱ ነው፤ ያዳነው ሶፍትዌሩ። ይህን ለማድረግ ግን ሰዎቹ የአሥርት ዓመታት ዕድሜ ያላቸውን ወረቀቶች እያገላበጡ፣ ዛሬ አብረዋቸው የሌሉ መሐንዲሶች ምን አስበው እንደነበር ማወቅ ነበረባቸው። የናውር ሐሳብ በተግባር ይህ ነው። ፕሮግራሙን ከሞት ያስነሱት መረዳቱን መልሰው በመገንባት ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት አሁን ባለንበት ሁኔታ ምክንያት ነው። ኮድ መጻፍ እንደ ዛሬ ረክሶ አያውቅም። ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በሁለት ዓረፍተ ነገር የምትፈልገውን ትነግረዋለህ፣ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ሺህ መስመር ይሰጥሃል። በ2025 መጀመሪያ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተመራማሪው አንድሬ ካርፓቲ ለዚህ አሠራር ቫይብ ኮዲንግ የሚል ስም አወጣለት፤ የሚያሠራው ሰው ኮዱን አያነብም፣ ከሠራ ሠራ ነው። ለቅዳሜና እሑድ ጨዋታ ምንም አይልም፤ እኔም አደርገዋለሁ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መጻፍ ድሮም ቢሆን ከሥራው ትንሹ ክፍል ነበር። ብዙው ወጪ ከተጻፈ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው የሚወጣው፤ ሲስተካከል፣ ሲታረም፣ አዲስ ነገር ሲገጠምለት። ድሮ የኮዱ ምክንያት ቢጠፋ እንኳ አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበረ። ደውለህ ትጠይቀዋለህ። አሁን ግን ከመጀመሪያውም ማንም ጭንቅላት ውስጥ ያልነበረ ኮድ እያመረትን ነው። ናውር ሰዎቹ ሲበተኑ ፕሮግራሙ ይሞታል ብሏል፤ ይሄኛው ሞቶ የተወለደ ነው ልበል? ትንሽ ከረር ሳይል አይቀርም። እነዚሁ መሣሪያዎች የድሮ ኮድ አንብቦ በማስረዳት ጎበዞች መሆናቸውን አልክድም። ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ይነግሩሃል። ለምን እንደሚያደርግ ግን ካልተጻፈ እነሱም መገመት ነው የሚችሉት።

ያቺን የወጪ ፕሮግራሜንም ያስተካከልኳት በዚሁ መንገድ ነው። ለአንዱ መሣሪያ ሰጠሁት። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ላይብረሪውን ቀየረ፣ ቀኑን አስተካከለ፣ አዲሱ ቨርዥን የማይወዳቸውን አጠቃቀሞች አጸዳ። ከዚያ 112ኛው መስመር ላይ ቆሞ ጠየቀኝ። ፋይሉ በሁለት ባዶ ረድፍ ከጀመረ ሦስተኛውን ዝለል ይላል፤ አስፈላጊ አይመስልም፣ ላጥፋው?

አየሁት። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጻጻፉም የኔው ነው። ለምን እንደጻፍኩት ግን ባስብ ባስብ ሊመጣልኝ አልቻለም። የድሮ ፋይሎቼን ከፈትኩ፤ በሁለት ባዶ ረድፍ የሚጀምር አንድም አላገኘሁም። ምናልባት ያኔ አንድ ፋይል እንዲያ ሆኖ መጥቶ ነበር። ምናልባት አሁንም ይመጣል።

ተወው አልኩት። ከመስመሯ በላይ የዛሬውን ቀን ጻፍኩና «ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አትንኩ» ብዬ ዘጋሁት።